ጊመልቫልድ ገብቶ ማደር፦ ጸጥ ያለች የአልፕስ መንደርን በእርጋታ ለማየት

ወደ ስዊዘርላንድ ተራሮች የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይህን ነው። ጠዋት ከኢንተርላከን በባቡር ይነሳል። ሁለት ፏፏቴ ያያል። በኬብል ካር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ካቢን፣ አንድ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ማታ ወደ ከተማ ይመለሳል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ተራራውን አየሁ፤ መንደሩን ግን ሳላየው ተመለስኩ።

በሁለተኛው ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ አብራኝ ነበረች። እሷ እየሮጡ ማየት አይሆንላትም። ስለዚህ ጊመልቫልድ በምትባል ትንሽ መንደር ሦስት ሌሊት አደርን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የቀን ጎብኚዎች ወርደው ካለቁ በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ረፋድ ያለው ጊዜ ነው መንደሩ። የላሞቹ ቃጭል ጥርት ብሎ የሚሰማው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያወራው፣ ተራራው የሚቀላው ያን ጊዜ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ሰዓት እንዳያመልጣችሁ ነው።

መንደሯ የት ናት?

ጊመልቫልድ በበርን ካንቶን (ክልል)፣ ላውተርብሩነን የሚባለው ሸለቆ ውስጥ ናት። ይህን ሸለቆ የቦረቦረው በጥንት ዘመን የነበረ የበረዶ ግግር ነው። ስለዚህ ወለሉ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ከገደሉ አፋፍ ውኃ ይወረወራል። ሸለቆው 72 ፏፏቴ አለው ይባላል፤ ከነሱ ዝነኛው ሽታውባኽ ወደ 300 ሜትር ይወድቃል።

ጊመልቫልድ የተቀመጠችው በአፋፉ ላይ ነው። ከፍታዋ 1,363 ሜትር፣ ነዋሪዋ 130 ገደማ። መኪና ከታች አይወጣባትም። ከሷ በላይ በ1,638 ሜትር ላይ ሙረን አለች። ሙረን ትንሽ ትሰፋለች፤ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬት አሏት። የመጀመሪያው የአልፓይን የበረዶ ሸርተቴ የዓለም ሻምፒዮና በ1931 የተካሄደው እዚያ ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ጊመልቫልድ ይደር፤ ምግብ ቤት መምረጥ የሚፈልግ ሙረን ይደር። በእግር 40 ደቂቃ ያህል ነው የሚራራቁት።

ስለ ከፍታው አትጨነቁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወረደ ማለት ነው። ለእናቴማ የደብረ ብርሃን ግማሽ እንኳን አይሆንም። ፊት ለፊት የሚታየው የዩንግፍራው ተራራ 4,158 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ያንሳል። ታዲያ ያ ሁሉ በረዶ ከየት መጣ? አልፕስ ከምድር ወገብ በጣም ሩቅ ነው። ፀሐይ የብርዱን ወራት ሙሉ በአግድም ነው የምታየው። ስለዚህ እኛ አገር ገብስ በሚበቅልበት ከፍታ እዚያ ሣር እንኳን በጭንቅ ነው።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ጥሩው ጊዜ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ በእኛ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ጁን ላይ ከፍ ያሉት መንገዶች ገና በረዶ ሊኖርባቸው ይችላል፤ መስኩ ግን አበባ በአበባ ነው። ጁላይና ኦገስት ሞቃት ነው፤ ሰውም ይበዛል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ድንገት ይመጣል።

እኔ የምመክረው ሴፕቴምበርን ነው። እኛ የገባነው ከእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ የትምህርት ቤት እረፍት አልቆ ግርግሩ ቀንሷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ላሞቹ ከላይኛው ግጦሽ ወደ መንደር የሚወርዱበት ወር ነው። ጁን ላይ ወጥተው ሙሉ በጋውን ከፍታው ላይ ይግጣሉ። ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ አበባ ታስሮ፣ አንገታቸው ላይ ትልቅ ቃጭል ተንጠልጥሎ ነው። ቀኑ እንደ አየሩ ይለያያል። ማደሪያ ስትይዙ ባለቤቱን ጠይቁት።

ኖቬምበር፣ እንዲሁም ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አትሂዱ። በነዚህ ወራት ብዙ ሆቴል ይዘጋል። ኬብል ካሮቹም ለጥገና ይቆማሉ። ዋጋው ረክሶ ካያችሁት ምክንያቱ ይህ ነው።

2. ቪዛ፣ ማደሪያና ትኬት

ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም የሸንገን፣ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ አባል ናት። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ለአጭር ጉብኝት ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው፣ ፓስፖርቱ ግን የኢትዮጵያ የሆነ ሰውም እንዲሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። በጋ ላይ ቀጠሮ ስለሚጣበብ ቀደም በሉ።

ጊመልቫልድ ውስጥ ያለው ማደሪያ በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ሁለት የእንግዳ ማረፊያ፣ ጥቂት የሚከራዩ ክፍሎች፣ በቃ። ለሴፕቴምበር ከሆነ ወር ሳይሆን ወራት ቀድማችሁ ያዙ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ቢቻል ሦስት። የመጀመሪያው ቀን በድካም ይሄዳል፤ ሁለተኛው ደመና ሊሆን ይችላል። ሲቀበሏችሁ የእንግዳ ካርድ እንዳለ ጠይቁ። በየሌሊቱ ትንሽ የጎብኚ ግብር ስለምትከፍሉ በካርዱ አንዳንድ ቦታ ቅናሽ ታገኛላችሁ።

ትኬት ላይ ሁለት መንገድ አለ። ብዙ ቦታ የምትዞሩ ከሆነ ስዊስ ትራቭል ፓስ ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና እስከ ሙረን ያለውን ኬብል ካር ይሸፍናል። አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ የምታርፉ ከሆነ የግማሽ ዋጋ ካርዱ ይሻላል። ስዊዘርላንድ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ቀድሞ የሚገዛ የቅናሽ ትኬት እንዲፈልግላችሁ ንገሩት፤ በምድር ባቡሩ አፕ ላይ ይገኛል።

ገንዘቡ ዩሮ ሳይሆን ፍራንክ ነው። ካርድ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ይሠራል። ቢሆንም 1፣ 2 እና 5 ፍራንክ ሳንቲም ያዙ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

3. ሻንጣችሁን አቅልሉ

ከኬብል ካሩ ወርዳችሁ እስከ ማደሪያችሁ ሻንጣ የምትጎትቱት እናንተ ናችሁ። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ዳገትና ቁልቁለት ነው። አንድ የጀርባ ቦርሳ ለአንድ ሰው ይበቃል።

አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ከውስጥ ቀጭን፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስቱንም ታወልቃላችሁ፤ ሦስቱንም መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ጫማው ሶሉ የሚቆነጥጥ ይሁን። ነጭ ስኒከር እርጥብ ሣር ላይ ያንሸራትታል። ፀሐዩ ቀላል ቢመስልም በከፍታ ላይ ይፈጃል፤ ኮፍያ አትርሱ።

እናቴ ጋቢዋን ይዛ ነበር። እኔ ሻንጣ ይሞላል ብዬ ልከለክላት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ተራራ ለማየት ከጋቢ የተሻለ ነገር የለም። ያዙ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ። የስዊስ ሶኬት የራሱ ቅርጽ አለው። ቀጭኑ ባለሁለት እግር የስልክ ቻርጀር ይገባበታል። እግሩ ወፍራም የሆነው የላፕቶፕ መሰኪያ ግን አይገባም፤ አዳፕተር ያስፈልጋል።

4. አወጣጡ

የጄኔቫም የዙሪክም ኤርፖርት የባቡር ጣቢያ አላቸው። ከሁለቱም በበርን በኩል ወደ ኢንተርላከን ኦስት ትሄዳላችሁ። ከዙሪክ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከጄኔቫ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 17:00 ሲል የእኛ 11 ሰዓት ነው። ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከኢንተርላከን ኦስት ላውተርብሩነን 20 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ባቡሩ መንገድ ላይ ጽቫይሉችነን የምትባል ጣቢያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት ፉርጎው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እኛ ያለንበት ፉርጎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በጊዜ አልነቃም ነበርና ልጆቹን ይዞ እየተሯሯጠ ሲወርድ አየን።

ከላውተርብሩነን ጣቢያ ፊት ለፊት ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ አለ። ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሽቴኸልበርግ ኬብል ካር ጣቢያ ያደርሳችኋል። በ2024 መጨረሻ ከዚያ ወደ ሙረን በቀጥታ የሚወጣ አዲስ ኬብል ካር ተከፍቷል። በዓለም ላይ እጅግ ቀጥ ያለው ነው፤ ለ100 ሜትር አግድም 159 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ጊመልቫልድ ላይ ግን አይቆምም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ለሠራተኛው «ጊመልቫልድ» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሷ በኩል የሚያልፈውን ያሳያችኋል።

ሌላም መንገድ አለ። ከላውተርብሩነን ጣቢያ በኬብል ካር ግሩችአልፕ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ በገደሉ አፋፍ ላይ በምትሄድ ትንሽ ባቡር ሙረን ትደርሳላችሁ። ይህ ባቡር ከ1891 ጀምሮ ይሠራል። በጣም ያምራል። ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ ግን ለሌላ ቀን አቆዩት።

በመኪና የምትመጡ ሽቴኸልበርግ ወይም ላውተርብሩነን ላይ ታቆማላችሁ። በጋ ላይ ረፋዱን ካለፋችሁ ቦታ ይሞላል።

5. የመጀመሪያው ከሰዓት፦ የትም አትሂዱ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ደረጃ ነው። ደርሳችሁ ሻንጣ ስታስቀምጡ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። የኬብል ካሩ ጫፍ ይጠራችኋል። አትሂዱ። ሻይ ጠጡና የመንደሩን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በእግራችሁ ሂዱ። በዝግታ ቢሄዱ እንኳን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ተመልሳችሁ እንደገና ሂዱበት።

የምታዩት ይህን ነው። ቤቶቹ ከእንጨት ናቸው፤ ፀሐይ አጥቁሯቸዋል። ግንባራቸው ላይ ዓመተ ምሕረትና የመንፈሳዊ ጥቅስ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ከሁሉም የቆየውን ዓመት ፈልጉ። ከግድግዳው ሥር ለክረምት የተደረደረ ማገዶ ታያላችሁ። አደራደሩን ልብ በሉ፤ ዝናብ እንዳይነካውና አየር እንዲያገኝ ሆኖ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ከቤቱ አጠገብ ወይም ገደሉ ላይ ለብቻው የቆመው ትንሽ የእንጨት ቤት ደግሞ የድርቆሽ ማስቀመጫ ነው። ከሥሩ በረት አለ።

የዚህ አካባቢ ሕይወት ሁሉ የተሠራው በድርቆሽ ላይ ነው። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ላም የምትበላው በበጋ የታጨደውን ነው። ማሽን በማይቆምበት ተዳፋት ላይ አሁንም ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ የሚያጭዱ አሉ። እናቴ ከአንድ አጥር ጥግ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሁለተኛው አጨዳ ነበር፤ ዝናብ ሳይመጣ ለመሰብሰብ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቷል። «መንሹን አያያዛቸው እንደኛው ነው» አለችኝ። አንዲት ሴትዮ አየቻትና እጇን አነሳች። ቀጥሎ መንሹን ዘረጋችላት። ግማሽ ሰዓት ያህል አብራ ሰበሰበች። አንድም ቃል አልተግባቡም። ሲጨርሱ ሴትዮዋ አንድ ቁራጭ ፎርማጆ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

ይህ በዕቅድ አይመጣም። ሳይጠሩ ዘሎ መግባትም አይገባም። ግን ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው የሚመጣው፤ የሚሮጥ ሰውን ማን ያቆመዋል?

ሳንቲሙም የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። በአንዳንድ በር ላይ ትንሽ ቁም ሳጥን ወይም ማቀዝቀዣ ታገኛላችሁ። ፎርማጆ፣ እንቁላል፣ የደረቀ ቋሊማ ተቀምጦበታል። ሻጭ የለም። ዋጋው ተጽፏል፤ ገንዘቡን ሳጥኑ ውስጥ ከትታችሁ ዕቃችሁን ታነሳላችሁ። መልስ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ልክ የሆነውን ሳንቲም ያዙ። እናቴ ይህን ስታይ «በሰው ያመነ» ብላ ሳጥኑን በእጇ ነካ አደረገችው።

6. እንደ እንግዳ ግቡ

ስልካችሁ ላይ የምታዩት የአልፕስ ፎቶ ሁሉ የሆነ ሰው ጓሮ ነው። አያታችሁ ቀዬ ስትገቡ የምታደርጉትን ካደረጋችሁ አትሳሳቱም።

ሰላምታ አትለፉ። ከተማ ውስጥ ማንም ለማንም ሰላም አይልም፤ መንደርና የእግር መንገድ ላይ ግን ሁሉም ይላል። የበርን ሰዎች የሚሉት «ግሩሰኽ» ነው። ብዙ ሰው ከሆነ «ግሩሰኽ ሚተናንድ»። የዙሪኩ «ግሩጺ» እዚህ የሰፈር ልጅ አያስመስልም፤ ግን ማንም አይቀየምም። ለምስጋና «ሜርሲ» ይላሉ፣ ልክ እንደ ፈረንሳይኛው። እኛ ሰላም ካላልን የሚከፋን ሰዎች ስለሆንን ይህ ደንብ አይከብደንም።

ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ። ለፎቶ የምትረግጡት አበባ የላም ቀለብ ነው። የተረገጠ ሣር ይተኛል፤ የተኛውን ማጭድ አያገኘውም። ከመንገዱ አትውጡ።

የከፈታችሁትን የአጥር በር ዝጉ። ቀጭን ሽቦ ያለበት አጥር ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል፤ ልጆችን አስጠንቅቁ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። የምሳ ሰዓትና እሑድም እንዲሁ ለስለስ ይባላል። ስፒከር ከፍቶ ሙዚቃ ማጫወት፣ በስልክ በረንዳ ላይ ጮክ ብሎ ማውራት አይወደድም። የእኛ የስልክ ድምፅ ከፍ ይላል። ገደሉ ደግሞ ድምፅን ይመልሳል፤ ታች ያለው ጎረቤት ሁሉን ይሰማል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት፣ በተለይ ልጆችንና በሥራ ላይ ያሉ ገበሬዎችን፣ በዓይን እንኳን ጠይቁ። ድሮን ይቅርባችሁ፤ ከብቱንም አውሬውንም ያስበረግጋል።

7. የእግር ጉዞ

የስዊስ መንገድ ምልክት ማንበብ ከቻላችሁ ካርታ ብዙም አያስፈልጋችሁም። ቢጫ ብቻ ከሆነ ለማንኛውም ሰው የሚሆን መንገድ ነው። ነጭ ቀይ ነጭ የተቀባበት የተራራ መንገድ ነው፤ ደህና ጫማና የማያዞር ራስ ይፈልጋል። ነጭ ሰማያዊ ነጭ ካያችሁ ተመለሱ፤ እሱ ልምድ ላላቸው ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት እረፍት የሌለበት ነው። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ግማሽ ጨምሩበት።

መጀመሪያ ከጊመልቫልድ ወደ ሙረን ውጡ። ጥርጊያው መንገድ ሰፊ ነው፤ ከፍታው 275 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ቀስ ብሎ የሚሄድ አዛውንትም ይወጣዋል። በየመዞሪያው አግዳሚ ወንበር አለ። ሙረን ስትደርሱ አይገር፣ መንኽና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ሦስቱም ፊት ለፊት ናቸው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ከግሩችአልፕ ወደ ሙረን ያለውን ነው። በትንሿ ባቡር እስከ ግሩችአልፕ ሄዳችሁ በእግር ትመለሳላችሁ። መንገዱ ሐዲዱን ተከትሎ በጫካና በመስክ ውስጥ ያልፋል። ዳገቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። መሃል ላይ ቪንተረግ የሚባል ቦታ ምግብ ቤትና የልጆች መጫወቻ አለ። ተራራዎቹ ጉዞውን ሙሉ በአንድ በኩል ከጎናችሁ ይሄዳሉ። ደክሟችሁ ከሆነ ከቪንተረግ ባቡሩን መሳፈር ትችላላችሁ። እናቴ አልተሳፈረችም።

ፀጥታ ለሚፈልግ ደግሞ ዜፊነንታል አለ። ከጊመልቫልድ በስተኋላ የሚገባ ጠባብ ሸለቆ ነው። ወንዝ፣ ጫካ፣ የበረዶ ውኃ ድምፅ። ብዙ ሰው አይሄድበትም። እስከ ፈለጋችሁት ገብታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ላም መንገድ ላይ ብታገኙ አትደናገጡ፤ ግን አትጠጉ። በተለይ ጥጃ ያላት ላም ለጥጃዋ ትዋጋለች። ቢያንስ 20 ሜትር፣ ከተቻለ 50 ሜትር ራቅ ብላችሁ እለፉ። ጥጃ አትንኩ። በላም አድገናል የምንል ሰዎች ነን በዚህ የምንዘናጋው፤ እነዚህ ግን እኛን አያውቁንም።

የአየር ሁኔታውን በስዊስ የሜትዮሮሎጂ አፕ ጠዋት እዩ። ነጎድጓድ ከተባለ እስከ 7 ሰዓት ጉዞውን ጨርሱ። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ የመንደሩ ቦኖ ውኃ ይጠጣል፤ አይጠጣም ካልተባለ በቀር። «ካይን ትሪንክቫሰር» ማለት አይጠጣም ማለት ነው። አደጋ ቢደርስ ለአምቡላንስ 144፣ ለተራራ ሄሊኮፕተር 1414 ይደወላል። ሁለቱን ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ።

ሺልትሆርን ጫፍ መውጣት ከፈለጋችሁ ከሙረን ኬብል ካር አለ። 2,970 ሜትር ነው፤ የሚሽከረከር ምግብ ቤት አለው። ትኬቱ ውድ ነውና ጠዋት የቀጥታ ካሜራውን አይታችሁ ጥርት ካለ ብቻ ውጡ። ከባሕር ጠለል አካባቢ፣ ከዱባይ ወይም ከጅዳ፣ በቀጥታ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ቀስ ብሎ ይራመድ።

8. ምግብና ጾም

ጊመልቫልድ ሱፐርማርኬት የላትም። ሙረን ያለው ኮፕ የሚባለው ሱፐርማርኬት ማታ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ኩሽና ያለው ክፍል ከያዛችሁ ዋናውን አስቤዛ ኢንተርላከን ላይ ሸምቱ። ቡናችሁን፣ በርበሬያችሁን፣ ትንሽ ሽሮ ያዙ።

ተራራው የፎርማጆ አገር ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በኦገስት የምትውለው ፍልሰታ፣ ለሚጾም ሰው ይከብዳል። «ቬጀታሪሽ» ብላችሁ ብታዝዙ ቅቤና ፎርማጆ ይመጣላችኋል። የሚፈለገው ቃል «ቬጋን» ነው። ሮሽቲ የሚባለው የተከተከተ ድንች ጥብስ ለጾም የሚሆን ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚጠበሰው። «ኦነ ቡተር፣ ኦነ ኬዘ» በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ፎርማጆ ማለት ነው። የአሳማ ሥጋ የማይበሉም ይጠንቀቁ። «ሽፔክ» የሚለውን ቃል ካያችሁ የአሳማ ነው፤ ሾርባና ሮሽቲ ውስጥ በትንንሹ ተከትፎ ይገባል።

በፍስክ ቀን ግን የአካባቢውን የተራራ ፎርማጆ ሳትቀምሱ አትውረዱ። በበጋ፣ ላሞቹ ከፍታው ላይ ሳሉ፣ እዚያው ጎጆ ውስጥ ከጥሬ ወተት ይሠራል። ቢያንስ 18 ወር የቆየው «ሆበልኬዘ» ይባላል። ጠንካራ ነው፤ እንደ ወረቀት ተልጎ፣ ተጠቅልሎ ይበላል። የብዙ ሰው ላሞች አብረው ስለሚግጡ መስከረም ላይ ፎርማጆው ለየባለቤቱ እንደ ላሙ ወተት መጠን ይከፋፈላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «የቅቤ እቁብ ነዋ» አለችኝ።

9. ምሽቱ

11 ሰዓት ላይ የቀን ጎብኚው ወደ ኬብል ካሩ ይሰለፋል። እናንተ በረንዳ ላይ ሁኑ። ፀሐይ ከኋላችሁ ስትገባ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ አመድ ይሆናል። ደቂቃዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት እራት አታዝዙ፤ ሻወር አትግቡ።

ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ድምፆቹን ለዩ። ቅርብ ያለው ቃጭል። ከታች የወንዙ። አልፎ አልፎ ደግሞ ከማዶ ነጎድጓድ የመሰለ ነገር ትሰማላችሁ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። የበረዶ ግግር ተሰብሮ ሲወድቅ ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ሰማን። እናቴ ሁለቱንም ጊዜ አማተበች።

10. አወራረዱ

በመጨረሻው ቀን ሻንጣው ቀላል ከሆነና ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ እስከ ሽቴኸልበርግ በእግር መውረድ ይቻላል። ቁልቁለቱ ግን ለጉልበት አይራራም፤ እናቴን በኬብል ካር ነው ያወረድኳት። የመጨረሻውን ካቢን ሰዓት ከመንደር ሳትወጡ እዩ። በሌሎች ወራት ከበጋው ቀደም ብሎ ያበቃል።

በአውቶቡሱ ስትመለሱ መሃል መንገድ ላይ ትሩመልባኽ አለ። እዚያ ውረዱ። የአይገር፣ የመንኽና የዩንግፍራው የበረዶ ውኃ ተራራውን ከውስጥ ሰርስሮ የሚወርድበት ነው፤ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ 10 ፏፏቴ አለ። ሲሞላ በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ያልፋል። ውስጡ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ድምፁ ደረት ይመታል። የዝናብ ጃኬቱን ያን ቀን ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ አድርጉት።